ተጨማሪ መረጃ፦ መለኪያው ራሱ ሲሳሳት

ከወላይታ ሶዶ ዙሪያ ቀይ አፈር ወስዳችሁ፣ አንድ እጅ አፈር በሁለት ተኩል እጅ የተጣራ ውሃ በጥብጣችሁ የፒኤች መለኪያ ነከራችሁበት እንበል። 5.2 አነበበ። በወላይታ ደጋዎች የአፈር አሲድነት የታወቀ ችግር ነውና ቁጥሩ አያስገርምም፤ ማሳው ኖራ ሊያስፈልገው ይችላል። ግን መለኪያው ተሳስቶ ቢሆንስ? የአንድ ፒኤች ልዩነት በአሲድነት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ከልኬት በፊት ካሊብሬሽን ይደረጋል። ካሊብሬሽን ማለት መለኪያውን ፒኤቹ አስቀድሞ በታወቀ ሙሙት፣ ማለትም በበፈር፣ ማስተካከል ነው። መጀመሪያ በ7.00፣ ለአሲዳማ አፈር ደግሞ ቀጥሎ በ4.01 ይስተካከላል።

ቁጥሩ አልረጋ ካለ ባትሪውን ከመውቀሳችሁ በፊት በመለኪያው ጫፍ ላይ ያለችውን ስስ የመስታወት እንክብል ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ እሷ ናት፤ ወይ ጭቃ ለብሳለች፣ ወይ ደርቃለች። በውሃ አለቅልቋት፤ ውሃውን በለስላሳ ወረቀት ነካ ነካ አድርጉ እንጂ አትፈትጓት። ከደረቀች በማስቀመጫ ፈሳሿ፣ ብዙውን ጊዜ በፖታሲየም ክሎራይድ ሙሙት፣ ለጥቂት ሰዓታት ዘፍዝፏት። ሰው ለንጽሕና ብሎ በተጣራ ውሃ ያሳድራታል፤ ይህ ግን ይጎዳታል። ያረጀ በፈርም ያሳስታል፤ የተጠቀማችሁበትን ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ።

ሞክሩ፦ ካሊብሬሽኑ እንዳለቀ 7.00 የሚለውን በፈር እንደገና ለኩ። ከአምስት ናሙና በኋላም ድገሙትና ሁለቱን ንባቦች በደብተራችሁ ጎን ለጎን ጻፉ።