ቃልና እንቁላል

ለቤተሰብ የሚበጅ ምክር ከሩቅ አገርም ይገኛል። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው የማዳጋስካር ሕዝብ ተረትና ምሳሌውን «ኡሃቡላና» ይለዋል። በሠርግም ሆነ በለቅሶ ላይ የንግግር አዋቂዎቻቸው ንግግራቸውን የሚያጣፍጡት በእርሱ ነው።

አንደኛው «ቃል እንደ እንቁላል ነው፤ ሲፈለፈል ክንፍ ያወጣል» ይላል። የእኛዎቹ አባቶች «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንዳሉት መሆኑ ነው። ሌላው ደግሞ «ከዝምድና ጥቂት ከሚጎድል ከገንዘብ ጥቂት ይጉደል» ይላል። ማዳጋስካራውያን ይህን ዝምድና «ፊሃቫናና» ብለው እጅግ ያከብሩታል።

እስቲ ወደየቤታችን እንመለስ። በውርስ ወይም በብድር ሳቢያ የተኳረፉ ወንድማማቾች በየሰፈራችን ስንት ናቸው? ብዙውን ጊዜ ያራራቃቸው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በንዴት የተወረወረች አንዲት ቃል ናት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መልካም እንድንናገር፣ ካልሆነም ዝም እንድንል አስተምረውናል። ሙስሊም ወንድምን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድ፣ ከሁለቱም በላጩ በሰላምታ የሚጀምረው መሆኑን ነግረውናል።

እንግዲህ ዒድን ሳንጠብቅ የወንድማችንን በር ዛሬውኑ እናንኳኳ። የበረረውን ቃል መመለስ ባንችል እንኳ «አሰላሙ ዐለይኩም» ማለት አያቅተንም።