የጨረር አሰጣጥ ፍጥነትና የጤናማ ኅብረ ሕዋሳት ጉዳት በማኅፀን በር ካንሰር ሕክምና

መግቢያ

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚቀርቡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ በመሆኑ ዋናው ሕክምናቸው ጨረር ነው። ሕክምናዋን ጨርሳ በደህና የተሰናበተች ሴት ከወራት በኋላ በፊንጢጣዋ ደም እየፈሰሳት ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ልትመለስ ትችላለች። ለዚህ ጉዳት ጠቅላላው የጨረር መጠን ብቻ ሳይሆን፣ መጠኑ የተሰጠበት ፍጥነትም ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ፍጥነቱ ለምን ለውጥ ያመጣል?

ጨረር በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ከፊሉን ሕዋሱ ራሱ ይጠግነዋል። የዚህ ጥገና ግማሽ እንዲከናወን ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ያስፈልጋል። መጠኑ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ሲሰጥ ጥገናው ከጉዳቱ ጎን ለጎን ይካሄዳል። በደቂቃዎች ሲሰጥ ግን ሕዋሱ ፋታ ስለማያገኝ ያልተጠገኑ ጉዳቶች ተደራርበው ለሞት ይዳርጉታል። በዚህ ረገድ ይበልጥ የሚጎዱት ጉዳታቸውን ዘግይተው የሚያሳዩት እንደ ሬክተምና የሽንት ፊኛ ያሉ አካላት ናቸው።

የዓለም አቀፍ የጨረር አሃዶችና ልኬቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው 38ኛ ሪፖርት በሰዓት ከ0.4 እስከ 2 ግሬይ ያለውን ዝቅተኛ፣ ከ2 እስከ 12 ያለውን መካከለኛ፣ ከ12 በላይ ያለውን ከፍተኛ ፍጥነት ብሎ መድቧል። ቀደም ሲል የተለመደው የሴዚየም ብራኪቴራፒ ከዝቅተኛው፣ የኢሪዲየምና የኮባልት 60 መሣሪያዎች ከከፍተኛው ይመደባሉ።

በአኃዝ ሲታይ

በከፍተኛ ፍጥነት 7 ግሬይ አራት ጊዜ፣ በድምሩ 28 ግሬይ ሰጠን እንበል። በሊኒየር ኳድራቲክ ቀመር የአልፋ/ቤታ ጥምርታ ለዕጢው 10፣ ለሬክተም 3 ብንወስድ፣ ይህ በዕጢው ላይ በየዕለቱ 2 ግሬይ እየተሰጠ ከሚደረስበት 40 ግሬይ ገደማ ጋር ይስተካከላል። ሬክተሙም ያንኑ 7 ግሬይ ቢያገኝ ግን ጉዳቱ ከ56 ግሬይ ጋር እኩል ይሆናል። በእያንዳንዱ ጊዜ ግማሹን፣ ማለትም 3.5 ግሬይ ብቻ እንዲያገኝ ከተደረገ ወደ 18 ግሬይ ይወርዳል። መጠኑ በግማሽ ሲቀንስ ጉዳቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ዝቅ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሰጥ ሕክምና ጤናማውን አካል የማይጎዳው በሁለት መንገድ ነው፤ መጠኑን ከፋፍሎ በመካከሉ በቂ ዕረፍት በመስጠት፣ እንዲሁም በጋውዝ በመጠቅጠቅ ሬክተሙንና ፊኛውን ከምንጩ በማራቅ። ከምንጩ የሚገኝ ጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ብዙ ዋጋ አለው።

አዲስ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአይጥ ጥናት ይህን አስተሳሰብ የሚፈትን ውጤት አሳይቷል። በሰከንድ ከ40 ግሬይ በላይ በሆነ እጅግ ከፍተኛ ፍጥነት የተሰጠ ጨረር ዕጢውን እንደተለመደው ሲያጠቃ ጤናማውን ሳንባ ግን ያነሰ ጎድቷል። «ፍላሽ» የተባለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2018 በሎዛን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተሞክሯል። አሠራሩ ገና ያልተፈታ በመሆኑ ለዕለት ተዕለት ሕክምና አልደረሰም።

ማጠቃለያ

ታካሚዋን የሚከታተል ሐኪም ጠቅላላውን መጠን ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የተሰጠውን መጠንና ፍጥነቱን ከማስተላለፊያ ወረቀቱ ላይ ሊያነብ ይገባል። ደም የሚፈሳት ታካሚ ስትመጣም ካንሰሩ እንዳገረሸ አድርጎ ከመደምደሙ በፊት የጨረር ጉዳትን ያስብ። ጨረር ከተሰጠው የሬክተም የፊት ግድግዳ ያለ በቂ ምክንያት ናሙና መውሰድ ፊስቱላ ሊያስከትል ስለሚችል፣ አስቀድሞ ጨረሩን ከሰጠው ክፍል ጋር መመካከር ይበጃል።