ቀንድ አይበላም

በዓል ሲቃረብ ፍየል ተራ ሄዳችሁ ገዢውን ልብ ብላችሁ እዩት። ከሩቅ ዓይኑ የሚያርፈው ቀንዱ ወደ ኋላ በተጠማዘዘ፣ ጢሙ በወረደ፣ ደረቱ በሰፋ ትልቅ አውራ ላይ ነው። ልጆች አብረው ከመጡማ ነገሩ አለቀ፤ «አባዬ፣ ያኛውን!» ይላሉ። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ባለቀንዱን ከፊት ያቆመዋል። በበዓሉ ቀን ግን ሥጋው ድስት ላይ ውሎ አልበስል፣ ሽታውም ለቅመም አልበገር ሲል ወቀሳው በእማወራዋ ላይ ይወርዳል። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ይሏል ይህ ነው። ነገሩ የተበላሸው ወጥ ቤት ሳይሆን ገበያ ላይ ነው።

ፍየል መምረጥን ለመማር ከአበርገሌ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ ያለው ይህ ቆላማ የዋግ ኽምራ ወረዳ ስሙን ለፍየል ዝርያ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የፍየል ዓይነቶች ጥናት የአበርገሌን ፍየል ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ መዝግቦታል። ቁመቱ መካከለኛ፣ ጠጉሩ አጭር፣ መልኩ በአብዛኛው ቀላ ያለ ቡናማ፣ ደረቱ ጥልቅ ነው። ግራሩንና ቁርቁራውን እየቀነጠበ፣ ድንጋያማውን ተዳፋት እየወጣና እየወረደ ያድጋል። በትግራይም ይረባል። ወንዶቹ ሁሉ ቀንድ አላቸው፤ አብዛኛው የተጠማዘዘ ነው። ለዓይን የሚያምር ፍየል ስለሆነ በመልኩ መታለልም ቀላል ነው።

በመልክ መታለል የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ኤልክ የሚባል፣ ከአጋዘን ወገን የሆነ ትልቅ የዱር እንስሳ ይታደናል። አንዱ አዳኝ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ባለብዙ ቅርንጫፍ ቀንድ ስለሚፈልግ ያረጀውን ወንድ ያሳድዳል። ሌላው የቤተሰቡን የክረምት ቀለብ ስለሚያስብ ወጣቷን ሴት ወይም ለጋውን ወንድ ይመርጣል። ባለግርማው ወንድ በመስከረምና በጥቅምት ሴት ሲያሳድድና ሲዋጋ መብሉን ይረሳል፤ ስቡ ያልቃል፣ ሥጋው ይጠነክራል። በእኛም አገር ድሮ አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው የሚፎክረው ለክብሩ እንጂ ለሥጋው አልነበረም። ዛሬም ከፍሎና ፈቃድ አውጥቶ ደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጣ የውጭ ሰው የሚለካው የቀንዱን ርዝመት ነው። ለክብር የሚፈለገው እንስሳ ሌላ፣ ለገበታ የሚፈለገው ሌላ ነው።

ፍየል ላይ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣል? አንደኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። እንስሳ እያረጀ ሲሄድ በጡንቻው ውስጥ ያለው ማሰሪያ ጅማት እየጠነከረ ይሄዳል፤ ረጅም ሰዓት ካልተቀቀለም አይላላም። ሁለተኛው አውራነቱ ነው። ካልተኮላሸ ጎልማሳ ወንድ ቀንድ ሥር፣ ከኋላ በኩል፣ ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። ሴት በሚፈልግበት ወቅት የራሱን ጢምና ደረት በሽንቱ ያርሳል፤ ለሽታው ምክንያት የሆኑት ቅባቶችም በስቡ ውስጥ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ቆዳው ቢገፈፍም ሽታው ከሥጋው ጋር ድስት ውስጥ ይገባል።

ቀንድ ለገዢ የሚሰጠው ምልክት አለ፤ ብዙዎቻችን ግን ገልብጠን እናነበዋለን። በልጅነቱ የተኮላሸ ፍየል ቀንዱ እንደ አውራ አይወፍርም። ወፍራም ቀንድ ያለው ሙክት ከሆነ ዘግይቶ የተኮላሸ ወይም ብዙ ዓመት የኖረ ሳይሆን አይቀርም። የሙክት ስብ ለሚወድ ቤተሰብ ቀንዱ ቀጠን ያለው፣ በጊዜ የተኮላሸው ይሻለዋል።

የአበርገሌ አርቢ ፍየል ሲገዛ በመጀመሪያ አፉን ይከፍታል። የፊት ጥርሶቹ ሁሉ ትንንሽና እኩል ከሆኑ የወተት ጥርስ ናቸው፤ ፍየሉ በአብዛኛው ከዓመት ወይም ከዓመት ከጥቂት ወር አይበልጥም። መሐል ላይ ሁለት ትልልቅ ጥርሶች ካወጣ ዓመት አልፎታል፤ አራት ካወጣ ወደ ሁለት ዓመት ተጠግቷል፤ ስምንቱም ከሞሉ ጎልምሷል። ለጥብስ ጥርስ ያልነቀለው ወይም ሁለት ያወጣው ነው ተመራጩ፤ ስምንት የሞላው ለቅቅል ይሁን። ለአረፋ የሚያርዱ ወገኖቻችን ግን ፍየሉ ዓመት መሙላቱን ማረጋገጥ ስላለባቸው ጥርሱን ማየት ለእነሱ የሃይማኖትም ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ እጁን ከጎድኑ ኋላ ወገቡ ላይ ያሳርፋል። የጀርባው አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ እጅ ላይ ከቆመ ፍየሉ ከስቷል፤ አጥንቱ በሥጋ ተሸፍኖ ጣት ሲጫን ብቻ የሚገኝ ከሆነ ደህና ነው። ሆድ ማየት አያዋጣም። ፍየል ስቡን በብዛት የሚያስቀምጠው ከውስጥ፣ በኩላሊቱና በአንጀቱ ዙሪያ ነው፤ የተነፋ ሆድ ደግሞ ጠዋት የጠጣው ውሃ ሊሆን ይችላል።

ከገበያ በኋላም ሥራ አለ። ፍየሉ በመኪና ተጭኖ ወይም ረጅም መንገድ ተነድቶ መጥቶ ወዲያው ከታረደ በጡንቻው ያለው ስንቅ አልቆ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ውሃ ጠጥቶ፣ ሳይደበደብና ሳይባረር ይረፍ። ልጆች ከዋዜማው ጀምረው እየጎተቱ እንዳይጫወቱበት ይነገራቸው። ከታረደ በኋላም ሥጋው ለጥቂት ሰዓታት ይደርቃል፤ እንደ ሰቆጣ ባለ ደጋ ንፁህና ቀዝቃዛ ቦታ ተሰቅሎ ያደረ ሥጋ በታረደበት ሰዓት ከተጠበሰው ይላላል። በቆላ ሙቀት ግን ይህ አይሞከርም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ጣዕም ነው። ለአበርገሌ ግን ከጣዕም የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ገበያ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ቶሎ ያደገው ወጠጤ ነው፤ ገንዘብ የሚያመጣው እሱ ነዋ። ፈጥኖ ያደገው ልጅ ሳይወልድ ተሸጦ ሲሄድ መንጋው ውስጥ የሚቀረውና ዘር የሚተካው ቀጫጫው ይሆናል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ዝርያው እያነሰ ይሄዳል። የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ከዋግ ኽምራ አርቢዎች ጋር የሚሠራው ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ዝርያ ማሻሻያ መነሻው ይኸው ነው። የግልገሎቹ ክብደትና የእናቶቻቸው ወተት ይመዘገባል፤ የተሻሉት ወጠጤዎች ሳይሸጡ ለጋራ አውራነት ይቀራሉ፤ የቀሩት ይኮላሻሉ ወይም ለገበያ ይወጣሉ።

ሴቷ ፍየል ደግሞ ከኤልኳ ትለያለች። ለአሜሪካው አዳኝ ሴቷ ጥሩ ሥጋ ናት። በዋግ ኽምራ ግን ላም በሌለበት ቤት የልጆች ወተትና ቅቤ ከእሷ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ብዙ የአበርገሌን ቤተሰብ አፈናቅሏል፣ ከብቱንም አሳጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ የዋግን እንስሳት ጎድቷል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ መንጋውን እንደገና የሚጀምረው በአንዲት ሴት ፍየል ነው። ረከሰች ብሎ እርጉዝ ፍየል ገዝቶ ማረድ የሁለት ዓመት ወተት ማፍሰስ ነው።

ስለዚህ አያቶች ሆይ፣ በመጪው በዓል የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ገበያ ውጡ። ጥርስ እንዴት እንደሚቆጠር አሳዩአቸው፤ ትንሽ እጃቸውን ፍየሉ ወገብ ላይ አሳርፉላቸው። ባለቀንዱን አውራ ይዩት፣ ያድንቁት፤ ውበቱ እውነት ነው። ከዚያ ለባለቤቱ ምርቃት ሰጥታችሁ እለፉትና ከኋላ የቆመውን፣ ቀንዱ ገና ጣት የሚያህለውን ሙክት ዋጋ ጠይቁ።