ከቦርከና ጋር ሐረጎን ስንወርድ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በማለዳ የተሳፈረ ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ ይነሣል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሶ ሲወርድ ግን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከ500 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ያንኑ ቁልቁለት ቦርከናም ይወርደዋል። ከኩታበር በኩል ተነሥቶ ደሴን ያቋርጣል፤ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል ሾልኮ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያ በጨፋ ረግረግ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። የሁለቱን ከተሞች ታሪክ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ይህን ውኃ ተከትሎ መውረድ ይቀለዋል።

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ናት። ውኃ ያለው፣ ዙሪያው የተከለለ ቦታ ለጦር ሰፈር ይመቻል። ስሟንም ያገኘችው ከሰፈር ነው፦ አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ስላላቸው ቦታውን «ደሴ» አሉት ይባላል። ወሬው እንዲሁ ተረት ብቻ አይመስለኝም፤ በ1875 ዓ.ም. መባቻ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር የታየ ትልቅ ጅራታም ኮከብ በመላው ዓለም ተመዝግቧል።

ከተማዋን ከተማ ያደረጓት ግን የወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው፤ የቀድሞው መሐመድ አሊ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ የተካሄደውን ጉባኤ ተከትሎ ክርስትና ተነሡ፤ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከሳቸው ዘመን የቀረው አይጠየፍ አዳራሽ ነው። ሥራው በስሙ ውስጥ አለ፤ ደሃውም መኳንንቱም የሚበላበት ግብር ቤት ነበር። የልጃቸው የወይዘሮ ስሂን ስም ደግሞ በከተማዋ አንጋፋ ትምህርት ቤት ላይ አለ። እኚህ ወይዘሮ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ከኋላ ዘመን የመጣው የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጦሩን ለመምራት ደሴ ሰፍረው ሳለ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ቦምቡ የአድቬንቲስት ሚሲዮኑን ሆስፒታል እንኳ አልማረም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጣሊያን ከተማዋን ያዘ።

አሁን ወንዙን ተከትለን ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። ኮምቦልቻ በኦሮምኛ የአጣጥ ዛፍ ስም ነው። የሥፍራው ጥንታዊነት በዙሪያው ባሉት የቃሉ ወረዳ መንደሮችና በሼህ ቡሽራዋ የጌታ መንደር ሊታይ ይችላል፤ የዛሬዋን ከተማ የፈጠረው ግን የመንገድ መገንጠያ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚያልፈው አውራ ጎዳና በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ ከሚወርደው ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። ተራራማዋ ደሴ የሌላት ሜዳም አላት፤ አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ የሆነው ለዚሁ ነው። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ወደ ደሴ ሲገሰግሱ ጣሊያኖች ዋናውን መከላከል ያደረጉት በኮምቦልቻ ዳገት ላይ ነበር፤ ደሴ የተለቀቀችው ከዚያ በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን ነው።

መንገድና ሜዳ ባለበት ፋብሪካ ይከተላል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም እዚህ ሰፈሩ። ዝቃጩም ወደ ወንዙ ገባሮች ይሄዳል። ደሴም ብትሆን አታንስም፤ በበጋ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው ከውኃው ይልቅ የሚታየው ፌስታል ነው። ስለ ቅርስ ስናወራ አዳራሹን እንቆጥራለን፤ ወንዙን የሚቆጥረው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

በበጋ ሣር ሲጠፋ የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ወደ ጨፋ ይወርዳሉ። ከብቶቻቸው እዚያ የሚጠጡት ይህንኑ ሁለት ከተማ አልፎ የመጣ ውኃ ነው።