መኒ ፕላንት በውሃ ስታራቡ ትንኝም እንዳታራቡ!

ዶሎ ኦዶ የምትኖር እህታችን «ዶክተር፣ መኒ ፕላንት በጠርሙስ ውሃ ላራባ ነው፣ ለጤና ችግር አለው?» ብላ ጠይቃኛለች። አሪፍ ጥያቄ ነው።

ማራባቱ ቀላል ነው። ሐረጉ ላይ ቅጠሉ የሚነሳበትን አንጓ ፈልጉና ከሱ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ በንጹሕ መቀስ ቁረጡ። ሥር የሚወጣው ከአንጓው ስለሆነ ቅጠል ብቻ ብትቆርጡ ተክል አይሆንላችሁም። አንጓው ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ከውሃ በላይ ይሁን። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ሥር ይሰዳል። የዶሎ ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ግን ያርራል፤ ብርሃን ያለው ጥላ ይበቃዋል።

ችግሩ ያ ለሳምንታት የቆመው ውሃ ነው። ኤደስ የምትባለው ትንኝ በሙቀት አገር ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው እሷ ናት። ሩቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቺኩንጉንያ እዚያው ዶሎ ኦዶ ወረዳ ተከስቶ ነበር፣ ከድንበሩ ማዶ ማንዴራም እንዲሁ። በ2019 ደግሞ ድሬዳዋን አዳርሷታል። ኤደስ በአብዛኛው ቀን ስለምትናከስ የማታ አጎበር ብቻውን አያስጥልም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ውሃውን በየ4 እና 5 ቀኑ ቀይሩ። መድፋት ብቻ አይበቃም! እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ የዕቃው ግድግዳ ላይ ነው፤ ደርቆም ወራት ይቆያል። ስለዚህ ውስጡን በብሩሽና በሳሙና ፈትጉት። የደፋችሁት ውሃ እንዳይባክን ሌላ ተክል አጠጡበት። እኔ ብሆን ግን ጠርሙሱን ትቼ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እተክለው ነበር፤ እዚያም ሥር ይሰዳል። ከማሰሮው ሥር ባለው ሳህን ላይ ግን ውሃ አይቁም። እውነቱን ለመናገር ከአንድ ጠርሙስ ይልቅ ያልተከደነ በርሚል ይብሳል፤ እሱንም ክደኑት።

ሕፃን ያላችሁ፣ ተክሉን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ቅጠሉ ሲታኘክ አፍን ያቃጥላል። ልጁ ካኘከው አፉን በውሃ አጥቡት፤ ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበደው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም!

ድንገተኛ ትኩሳትና ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣባችሁ ተመርመሩ፤ ወባም ሊሆን ይችላል። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አትውሰዱ፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። እስከዚያው ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በመጠኑ ይሻላል።