ጎተራ የነበረው ትምህርት ቤትና ፎቶግራፉ

በጎጃም የሚኖሩት ታላቅ ወንድማችን፥ ልጃቸው የሥነ ጥበብ ትምህርት ለመማር ወደ ሎንዶን በሄደች ጊዜ፥ «ትምህርት ቤትሽ ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቋት። እርሷም፥ «ጎተራ ነው» ብላ መለሰችላቸው። ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ ሰው ናቸውና፥ ልጄ በሰው አገር ተታልላ ይሆን እያሉ እንቅልፍ አጡ። ልጁን በሩቅ አገር ያስተማረ አንባቢያችን ይህን ጭንቀት ሳንነግረው ያውቀዋል። እኛም በዚያው ሰሞን በሎንዶን የምናልፍ ስለ ነበረ፥ ቤቱን በዓይናችን አይተን ፎቶግራፉን እንድንልክላቸው አደራ ጣሉብን።

ልጅቱ የተናገረችው እውነት ሆኖ አገኘነው። ሴንትራል ሴንት ማርቲንስ የተባለው ይህ ትምህርት ቤት ያለበት ቤት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1852 ዓ.ም. ለምድር ባቡር ኩባንያ የተሠራ የእህል መጋዘን ነው። መሐንዲሱ ሉዊስ ኪዩቢት ሲሆኑ፥ በአቅራቢያው ያለውን የኪንግስ ክሮስን የባቡር ጣቢያ የሠሩትም እርሳቸው ናቸው። በሊንከንሺር የታፈሰው ስንዴ በባቡር እየመጣ በስድስቱ ደርብ ይከማችና ለከተማው ዳቦ ጋጋሪዎች ይታደል ነበር። በፊቱ ያለው አደባባይም ያን ጊዜ ከሪጀንት ቦይ የሚመጡ ጀልባዎች የሚቆሙበት የውሃ ገንዳ ነበረ። ፉርጎዎቹን ፈረሶች ይጎትቱ ነበር፤ ጋጣቸውም ከማራገፊያው አዳራሽ ሥር ነበረ። በኋላ ዘመን ስታንተን ዊሊያምስ የተባሉት የሕንፃ ነዳፊዎች አሮጌውን ቤት ሳያፈርሱ ከኋላው አዲስ ሕንፃ ጨመሩበት፤ በመካከላቸውም ከጣራው ብርሃን የሚወርድበት ሰፊ መተላለፊያ አበጁ። ትምህርት ቤቱ የገባበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው።

ፎቶግራፉን ማንሣት ግን እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። በቤቱ ሥር ቆመን ካሜራውን ወደ ላይ ብናቀናው፥ ግድግዳው ወደ ላይ እየጠበበ ቤቱ ወደ ኋላው የሚወድቅ መሰለ። የሚወድቅ ቤት ሥዕል ደግሞ ለተጨነቀ አባት አይላክም። ስለዚህ አደባባዩን አቋርጠን እስከ ቦዩ ዳር ራቅንና ካሜራውን ሳናዘነብል ብንይዘው ቤቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነገር ግን በመካከላችን ከመሬት ውሃ የሚፈነጥቁ 1,080 ቀዳዳዎች አሉና፥ ውሃው ሲነሣ በሩን ሸፈነብን፤ የሚሯሯጡትም ሕፃናት እኛን ጭምር አራሱን። በማግሥቱ በማለዳ ተመለስን። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከጎን ስለምትመጣ የቢጫው ጡብ መጋጠሚያ አንድ በአንድ ይታያል፤ በቀትር ግን ሁሉም ልሙጥ ይሆናል።

ባነሣነው ሥዕል እጅግ ደስ ብሎን ለልጅቱ ብናሳያት ዝም አለች። ቆይታም፥ «አጎቴ፥ ይህማ አባባ የፈሩት ጎተራ ነው፤ ሰው የለበትም» አለችን። አፈርን፤ እውነቷን ነበርና።

ከዚያ በኋላ አስፈቅደን ወደ ውስጥ ገባን። በመተላለፊያው በአሮጌው ግድግዳ ሥር፥ የጨርቅ ጥቅል ታቅፋ እንድትቆም አደረግናት። ቀኑ ደመና ስለ ነበረ የካሜራውን ዓይን ትንሽ አቆይተን ከፈትነው፤ ስለዚህም በአጠገቧ የሚያልፉት ተማሪዎች ሁሉ እንደ ጥላ ደብዝዘው ሲወጡ፥ ያልተንቀሳቀሰችው እርሷ ብቻ ጥርት ብላ ታየች። ፊቷ ከስታለች፤ ይህንንም ሥዕሉ አልደበቀም። እንላከው ወይስ ሌላ እናንሣ ብለን ጥቂት ካመነታን በኋላ፥ ሁለቱንም ሥዕሎች ላክናቸው።

ወንድማችን የቤቱን ሥዕል በእልፍኛቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ የልጃቸውን ግን በዳዊታቸው ውስጥ አኖሩት ሲሉ ሰማን። በላኩልን መልስ ስለ ትምህርቱ አንዳች ሳይሉ፥ ያን ያህል ስንዴ በስድስት ደርብ ሲከማች ነቀዝ እንዳይበላው በምን ይጠብቁት ኖሯል ብለው ጠየቁን። ልጅቱም መልሱን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እየፈለገች ነው።