አሮጌ ዕቃ ያለ ወጪ ሲወገድ

የቤት እመቤትም ይሁኑ ሠራተኛ፣ በአልጋ ሥርና በጓዳ ያከማቹት አሮጌ ዕቃ የአይጥና የበረሮ መጠለያ ነው። ለማስወገድ ገንዘብ ማውጣት አያሻም። አስቀድመው በየዓይነቱ ይለዩት።

ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና የተቀደደ ድስት ለቆራሌው ይሽጡ፤ የሁለተኛውን ዋጋ ሳይሰሙ ግን ለመጀመሪያው አይስጡ። ያረጀ ልብስና ጫማ በልዋጭ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ያስገኛል።

የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ግን ለማንም አይሽጡ፤ ታጥቦ ውኃ ወይም ዘይት ሊያዝበት ይችላልና በስተው ይጣሉት። ያለቀ ባትሪም የልጆች መጫወቻ አይሁን።

ከየቤቱ የሚጣለው ሲበዛ የከተማው ክምር ያድጋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ የሚሸጠውን ይሽጡ፣ የሚለወጠውን ይለውጡ፤ ለገንዳው የሚተርፈው ጥቂት ይሁን።